እረፍትም ሥልጠና ነው

(አል ዐይን የምትሠራ አባላችን በአቡ ዳቢው ስብሰባችን ላይ ያደረገችው ንግግር)

እህቶቼ፣ ኦፋችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አስተባባሪዎቹ "ስለ ስፖርት አውሪልን" ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ ሯጭ አይደለሁም እኮ። ግን እዚህ አገር ኢትዮጵያዊት ነኝ ካልሽ "ትሮጫለሽ አይደል?" ይሉሻል። እኔ ወሎ ሳድግ የሮጥኩት ጥጃ ተከትዬ ነው። ስለዚህ የማወራላችሁ የድሮ አሠሪዬ ትወዳደርበት ስለነበረው ስለ ትራያትሎን ነው። ከእሱ ያየሁት ነገር ለእኛም ሥራ ይሆናል።

ትራያትሎን ማለት ሦስት ስፖርት በአንድ ቀን፣ አከታትሎ መሥራት ነው። መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ሩጫ። ሰዓቱ አይቆምም፤ ልብስና ጫማ የምትቀይሪበት ደቂቃም ይቆጠርብሻል። አጭርም ረጅምም አለው። በረጅሙ የታወቀው አይረንማን የሚባለው ነው። በ1978 ሃዋይ ላይ ተጀመረ፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ ማራቶን። አቡ ዳቢም በ2010 የራሷን ውድድር ጀመረች። የእሷ ረጅሙ 3 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 200 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 20 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። 200 ኪሎ ሜትር ማለት ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ መልስ ነው። እኔ ዛሬ ከአል ዐይን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተቀምጬ መጥቼ እንኳ ወገቤን አሞኛል።

አሠሪዬ ለ2012ቱ ውድድር ስትዘጋጅ እኔ ቤቷ ነበርኩ። ሙቀቱ ሳይመጣ ብላ ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች። ብስክሌቷን ይዛ ጀበል ሐፊት ትወጣለች፤ ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገት ነው። እኔ ሙዝና ቴምር አዘጋጃለሁ፤ በውሃ ጠርሙሶቿ ትንሽ ጨው እጨምራለሁ፤ በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለምና። የሳምንት ፕሮግራሟ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ማክሰኞ ዋና፣ ረቡዕ ብስክሌት፣ ሐሙስ ሩጫ፣ እያለ ይሄዳል። ሰኞ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "እረፍት" ተብሎ ተጽፏል።

አንድ ቀን "ሰኞ ለምን አትሠሪም?" አልኳት። "ሰኞም እየሠራሁ ነው" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አስረዳችኝ፦ ልምምድ ጡንቻን ይጎዳል፤ የተጎዳው የሚጠገነውና የሚጠነክረው በእረፍትና በእንቅልፍ ነው። ሰኞን ከዘለለች ሐሙስ ላይ ጉልበቷ ይከዳታል።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከእሷ በፊት በነበርኩበት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ኦፍ አልነበረኝም። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቼ የምተኛው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ሰሃን ከእጄ ያመልጣል። "ሰነፍሽ" ይሉኝ ነበር። ስንፍና አልነበረም። ሰኞ የሌለው ፕሮግራም ነበር።

የዚያን ጊዜ የቤት ሠራተኛ እረፍት በአሠሪው ፈቃድ ላይ ያለ ነገር ነበር። አሁን ግን ሕግ ነው። በ2017 ስለ ቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 10 ወጣ፤ በ2022 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 9 ተተካ። በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት እረፍት አለሽ። በቀን 12 ሰዓት እረፍት፣ ከእሱም 8ቱ ሳይቋረጥ። በዓመት 30 ቀን ፈቃድ። በእረፍት ቀንሽ ካሠሩሽ ምትክ ቀን ወይም ገንዘብ ይሰጥሻል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። "ወጥቼ ገንዘብ ከማጠፋ ኦፌን ልሽጠው፤ ለእናቴ ይላካል።" እኔም እናት አለችኝ፤ አልፈርድም። ግን ሕጉ በገንዘብ ይለወጣል ቢልም ጉልበት ገንዘብ አይቀበልም። አንዱን ሳምንት ሸጣችሁ ሌላውን እረፉ። ሁሉንም የሸጠች እህታችን መጨረሻ ላይ የሰበሰበችውን ለሐኪም ትከፍላለች።

የውድድሩ ቀን ኮርኒሽ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። በብስክሌቱ እንደ ንፋስ ያለፉ ወንዶች ሩጫው ላይ ወገባቸውን ይዘው በእግር ይሄዱ ነበር። አሠሪዬ ቀስ እያለች አለፈቻቸው፤ ጨረሰችም። የእኛም ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ማዳምን ለማስደሰት ጉልበቷን ሁሉ የጨረሰች፣ ቀሪውን በምን ትሠራዋለች?

የእኛዋ አባብል የሻነህ በ2018 የመጀመሪያውን የአቡ ዳቢ ማራቶን በሴቶች አሸነፈች። በየካቲት 2020 ደግሞ እዚሁ አገር ራስ አል ኸይማ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። የእሷን ድል ሰምቼ እኔም በ2019 በአቡ ዳቢው ውድድር 10 ኪሎ ሜትሩን ገባሁ። 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ፈጀብኝ። አባብል በዚያ ጊዜ ከግማሽ ማራቶን አልፋ ሻይዋን ትጠጣ ነበር! ግን ሳልቆም ጨረስኩ። ለአራት ወር የተለማመድኩት በኦፌ ቀንና በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ነው።

ሁላችሁም ሩጡ አልልም። ሦስት ነገር ግን አድርጉ። አንደኛ፣ ኦፋችሁን ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ጻፉት፤ ያረፋችሁበትንም ያሠሯችሁንም ቀን ምልክት አድርጉ። ጥያቄ ሲነሳ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ማዳምን ስትጠይቁ በሰላሙ ሰዓት፣ በትሕትና ጠይቁ፤ "ካረፍኩ የተሻለ እሠራለሁ" በሏት፤ እውነት ነውና። እምቢ ካለች ኮንትራቱን የፈጸመላችሁን ቢሮ፣ ካልሆነም የሰው ኃይልና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴርን ጠይቁ። ብቻችሁን አትጋጩ፤ መጀመሪያ ለእኛ ደውሉ። ሦስተኛ፣ በኦፋችሁ ቀን ለሌላ ቤት ተመላላሽ አትሥሩ፤ ለራሳችሁ ተኙ፣ ጸልዩ፣ በእግር ሂዱ። አል ዐይን ያላችሁ የቴምር ዛፎቹ ጥላ ሥር እንሄዳለን፤ ጫማ ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ሥራችን ረጅም ርቀት ነው፤ አገራችን በጤና እንግባ።