በደጋ አገር የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሲተከል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ ደነባ ደጋ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ግን ብራ ነው። እንዲህ ባለ አገር ለፔንሲዮንም ሆነ ለሆቴል በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ያዋጣል። ጥንቃቄ የሚሻው አተካከሉ ነው።

አንደኛ፣ ክብደቱ። 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ይመዝናል፤ ጋኑና ብረቱ ሲጨመር ይበልጣል። ተራ የቆርቆሮ ጣሪያና የባሕር ዛፍ ማገር ለዚህ ሸክም አልተሠሩም። ማሞቂያው ሶሌታ ላይ ወይም ከመሬት በተነሳ የብረት ማማ ላይ ይቀመጥ፤ ነፋስ እንዳይገለብጠውም በብሎን ይታሰር።

ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ደህንነት። ጤዛ ወይም ውርጭ ያረፈበት ቆርቆሮ ያንሸራትታልና ሳይደርቅ አይወጣበትም። መሰላሉን ሰው ይያዝ፤ የደህንነት ቀበቶው ከጠንካራ ነገር ጋር ይታሰር። በአጠገቡ የመብራት መስመር የሚያልፍ ከሆነ ኃይሉ ሳይቋረጥ ሥራ አይጀመር።

ሦስተኛ፣ ፀሐይ ውሃውን የምታሞቅባቸው የመስታወት ቱቦዎች። ባዶአቸውን ፀሐይ ላይ ከዋሉ ክፉኛ ይግላሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲገባባቸው ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ቱቦዎቹን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ውሃውን መሬት ላይ ሆኖ በማለዳ መልቀቅ ነው።

በመጨረሻም፣ ቧንቧው ውርጭ እንዳይሰነጥቀው በስፖንጅ ይጠቅለል፤ ጋኑ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ፈጽሞ አይደፈን። ባለንብረቶች፣ ለባለሙያው በቂ ጊዜ ስጡት፤ ሥራው ነገም ይደርሳል፣ የሰው ሕይወት ግን ምትክ የለውም።

(የመውጫ ሙዚቃ)