የአምስት ደቂቃ ፊልምና የጀውሃ ተማሪ



እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው «ፕሉራል ፕላስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድር ስለ ስደትና ስለ ብዝኃነት የተሠሩ፣ ከ5 ደቂቃ ያልበለጡ ፊልሞችን ሲያወዳድር ቆይቷል። 5 ደቂቃ፣ በሴኮንድ 24 ምስል ሲታሰብ፣ 7,200 ምስል ነው።

ለጀውሃ ተማሪ ጉዳዩ ከደጁ ነው። በይፋት ቆላ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ ይገናኛሉ፤ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር የሚሻገረው ወጣትም ጥቂት አይደለም። እንግዳ ሰው ቢቀርጸው የሚታየው የተሰዳጁ ጉዞ ነው፤ የቤት ልጅ ሲቀርጸው ግን እናቲቱ ስልክ የምትጠብቅበት ምሽትም ይታያል።

ለመቅረጹ የእጅ ስልክ ይበቃል። የጎደለው ብርሃንን መመጠን፣ ድምፅንም ከነፋስ መከለል የሚያስተምር ሰው ነው። የማኅበሩ አባላት በየዓመቱ ከዕረፍታቸው አንድ ሳምንት ለአንድ ትምህርት ቤት ቢለግሱ፣ ይፋት ታሪኩን በራሱ ልጆች አንደበት ይናገራል።