«በሚቀጥለው ሳምንት» ያልኩት ድረ ገጽ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያህ ተናገር» ነበር ያሉኝ። እኔ ግን የማወራችሁ አንድ ሳንቲም ስላላገኘሁበት ሥራ ነው፤ ስለ ቴምብር ድረ ገጻችን። «ገጻችን» ያልኩት ብቻዬን ስላልሠራሁት ነው። አብሮኝ የጀመረው የዶርም ጓደኛዬ ዛሬ እዚህ የለም። ካረፈ አራት ዓመት አለፈው።

በ1998 ዓ.ም. ስንጀምረው እሱ የታሪክ ተማሪ ነበር፣ እኔ የኮምፒውተር ሳይንስ። ቴምብር የሚሰበስበውና የሚጽፈው እሱ፣ ኮዱን የምሠራው እኔ። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ስለታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ሲጽፍ፣ አራቱ የዳግማዊ ምኒልክን ምስል፣ ሦስቱ አንበሳውን እንደያዙ ብቻ ነግሮ አያልፍም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የሌላ አገር ቴምብር ጭምር ያስፈልገው እንደነበር ያስረዳል። እኔ ታሪክ የወደድኩት በእሱ ጽሑፍ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አንድ ቀን ገጹን ብከፍተው ነጭ ወረቀት ሆኗል። ሰርቨሩ ወደ ፒኤችፒ 7 ተሸጋግሯል፤ አዲሱ ፒኤችፒ ደግሞ ተማሪ ሳለሁ ከዳታቤዝ ጋር የምገናኝባቸውን የድሮ ትእዛዞች ጨርሶ አስወግዷቸዋል። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ ለዓመታት ኮዱን ዞር ብዬ ያላየሁት እኔው ነኝ።

ጓደኛዬ ደወለ። «ያቺን ነገር አስተካከልካት?» «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩት። ከወራት በኋላ ደግሞ ደወለ፤ ያኔ ታሞ ነበር፣ እኔ ግን አላወቅኩም። አሁንም «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩት። ሌላ ስልክ አልተደወለም።

ሥራውን የጀመርኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ጸጸት ያቻኩላል። ዳታቤዙን ስከፍተው ግማሹ ጽሑፍ ተዘባርቋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ኮምፒውተሩ «ላቲን-1 ነው» ብሎ ካነበበው እያንዳንዱ ፊደል ሦስት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ «ሰላም» ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ይህ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም፤ ባይቶቹ እስካሉ ድረስ ይመለሳል። እኔ ግን ቅጂ ሳላስቀር በዋናው ዳታቤዝ ላይ የማስተካከያ ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ደህና የነበረውን ሠንጠረዥ ጭምር ወደ ላቲን-1 ቀየርኩት። ላቲን-1 ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ በማያውቀው ፊደል ምትክ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። ያ ደግሞ አይመለስም። የጓደኛዬ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ጽሑፎች ከላይ እስከ ታች ጥያቄ ምልክት ሆኑ።

ሃያ ዓመት ኮድ የጻፈ ሰው እኮ ነኝ!

ለባለቤቱ ለመናገር ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና ከቁም ሣጥን ሦስት ደብተር አወጣች። ለካስ ኮምፒውተር ላይ ከማስገባቱ በፊት ሁሉን በእጁ ይጽፍ ነበር! ሁሉም አልተገኘም፤ አብዛኛው ግን አለ። ልጁ እያነበበች እኔ እየተየብኩ አንድ ክረምት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራን።

ገጹን በአስትሮ እንደገና ሠራሁት። የመረጥኩት ስለ አዲስነቱ አይደለም። በአስትሮ ለእያንዳንዱ ቴምብር አንድ የማርክዳውን ፋይል አለው፤ ማንም በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። አስትሮ ፋይሎቹን አስቀድሞ ወደ ተዘጋጀ ገጽ ይለውጣቸዋል። የሚበላሽ ዳታቤዝ የለም፤ ካላዘዝኩት በቀር ጃቫስክሪፕት ወደ አንባቢው ስለማይልክ ደካማ ኔትወርክ ላይም ቶሎ ይከፈታል። ነገ አስትሮም ያረጃል። ያኔ ፋይሎቹን ይዞ ወደ ሌላ ፍሬምወርክ መሄድ ነው። ያልተገኙት ጽሑፎች ቦታቸው ባዶ ነው፤ እኔ በራሴ ቃል አልሞላሁትም።

መምህራኖቻችን፣ ለተማሪዎቻችሁ አዳዲሱን ፍሬምወርክ አስተምሩልን፤ ጥሩ ነው። ግን ደግሞ ባክአፕ ወስዶ መመለስን፣ መልሶም ማንበብን አስፈትኗቸው። ከፍታችሁ ያላነበባችሁት ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በውድ ዋጋ ነው።

እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ከዚህ ግቢ ከሆነ ሰው ጋር ጀምራችሁ ያቆማችሁት ነገር አይጠፋም። ፎቶ ይሁን፣ መጽሔት ይሁን፣ ያልተላከ ደብዳቤ ይሁን። ሰውየው ዛሬ ማታ እዚህ ካለ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ከሌለ ደውሉለት። በሚቀጥለው ሳምንት አትበሉ።