የዱላ ጥበብ በእውነተኛ ጠብ ይረዳልን?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ከተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል የምናገረው ስለ ዱላ ነው። አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል። የወይራ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ገበያ የሚወጣ ገበሬና ሽመሉን ተደግፎ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ባለበት አገር ስለ ዱላ መናገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እኔ የማነሣው በየስፖርት አዳራሹ ስለሚሰጠው፣ ከሩቅ ምሥራቅ ስለ መጣው፣ ስልትና ስም ስላለው ትምህርት ነው። ከመካከላችን ይህን የሚማሩ አሉ። ከነሱም አንዳንዶቹ ማታ ከጥናት ሲመለሱ «ማን ይነካኛል!» እያሉ በጨለማው አቋራጭ መሄድ ጀምረዋል። እምነታቸው እውነት ከሆነ መልካም፤ ሐሰት ከሆነ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት በአካላቸው ነው።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ይልቅ የታወቀው የፊሊፒኖች ነው። አርኒስ፣ ኤስክሪማ ወይም ካሊ ይባላል፤ መንግሥታቸውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ስፖርታቸው እንዲሆን ደንግጎለታል። በትሩ ራታን ከሚባል ቀላል እንጨት የሚሠራ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው። ጃፓኖችም ጆ የሚሉት 128 ሳንቲ ሜትር የሆነ በትር አላቸው፤ ፖሊሶቻቸውም ተምረውበታል። በሁለቱም ዘንድ ልምምዱ በአመዛኙ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመክታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለቱም አስቀድመው ያውቁታል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ፊደልም የምንቆጥረው በተራ በተራ ነው።

ነውሩ የሚጀምረው ፊደል መቍጠሩ እንደ ንባብ ሲታሰብ ነው። ልምምዱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። «አጥቂው» አንድ ጊዜ ሰንዝሮ እጁን በአየር ላይ ይተወዋል። እሱ እንደ ሐውልት ቆሞ ሳለ ተማሪው ሦስት ጊዜ ይመታዋል፣ አንጓውን ይጠመዝዘዋል፣ ዱላውንም ይቀማዋል። ተመልካችም ያጨበጭባል። ለመሆኑ የተናደደ ሰው መትቶ እጁን የሚያቆመው ስለ ማን ፍቅር ነው? መልሶ ይስባል፣ ይደግማል፣ በግራ እጁም አንገት ያንቃል። እኛም በክበባችን ዱላ በስፖንጅና በጨርቅ ጠቅልለን፣ አጥቂ የሆነውን ልጅ «አትቁም፣ ደጋግመህ ምታ» አልነው። ያን ጊዜ የመቀማቱ ስልት ሁሉ ጠፋ። የቀረው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ቀድሞ መምታትና ወደ ኋላ መሸሽ።

ይህን እኛ ብቻ አላየነውም። በካሊፎርኒያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ዶግ ብራዘርስ የተባለ ማኅበር ተቋቍሞ፣ አባሎቹ ጥቂት መከላከያ ብቻ እየለበሱ በእውነተኛ በትር ይጋጠሙ ጀመር። ብዙው ግጥሚያ ከጥቂት ምት በኋላ ወደ መተናነቅና ወደ መሬት መውደቅ የሚያመራ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዱላ ኀይል ያለው ከጫፉ ላይ ነው፤ ጠላት ምቱን ችሎ ወደ ደረት ከተጠጋ፣ ዱላው ለመወዛወዝ ስፍራ ያጣል። ስለዚህ ትግል የማያውቅ የዱላ ተማሪ ግማሽ ተማሪ ነው።

ሌላም አለ፤ ጊዜ። ዴኒስ ተለር የተባለ አሜሪካዊ የፖሊስ ሳጅን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፣ ሰው ስድስት ሜትር ተኩል ያህል መንገድ በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ሮጦ ይደርሳል። እሱ ያሰበው ሽጉጡን ከአፎቱ ለሚያወጣ ፖሊስ ነበር። እኛ ግን ከደብተራችን ሥር ዱላ ፈልገን እስክናወጣ ምን ያህል ይፈጅብናል? በእጅ ያልተያዘ ዱላ እንደ ሌለ ይቈጠራል። በታክሲ ውስጥና በጠባብ ደረጃ ላይማ በእጅ ቢያዝም ከመውጋት በቀር ለሌላ አይመችም።

ምናልባት «የሱሪዎቹስ ዶንጋ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአገራችን ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ሱሪዎች ከሁለት ሜትር በማያንስ ዘንግ ሲጋጠሙ ያየ ሰው፣ ያ ምት የጨዋታ ነው አይልም፤ አጥንት ይሰበራል። ይሁን እንጂ እዚያም ዳኛ አለ፣ የወደቀን መምታት ክልክል ነው፣ መግደልም ነውር ነው። ውድድሩ የጐበዝ መለያ ነው። ከአውሮጳ 1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ክላሽንኮቭ ወደ አካባቢው ከገባ በኋላ፣ ከብት ዘራፊ ሲመጣ የሚነሣው ጠመንጃ ነው እንጂ ዶንጋ አይደለም። ዱላን ከሁላችን አብልጠው የሚያውቁት ሰዎች የግጥሚያን ዱላ ከነፍስ ማዳኛ ለይተው ያስቀምጡታል።

ታዲያ ዱላ ከንቱ ነው ማለቴ ነውን? አይደለም! የፊሊፒኖች ጥበብ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ይኸውም የሚያጠቃህን እጅ ምታ የሚለው ነው። እነርሱ የእባብን ጥርስ መንቀል ይሉታል። ቢላዋ የያዘ ሰው ጣቱን ወይም አንጓውን ቢመታ ቢላዋው ሊወድቅ ይችላል፤ አንተም ከክንዱ ርዝመት ውጭ ነህ። ይህን ለመማር አሥራ ሁለት ስልት አያስፈልግም፤ የእግር አካሄድ፣ ርቀት መለካትና አንድ ቀጥተኛ ምት ይበቃል። ከዚያ በኋላ መሮጥ ነው።

ራስ ላይ መምታት ግን ሌላ ነገር ነው። የወይራ ዱላ ቀላል ራታን አይደለም፤ የራስ ቅል ይሰብራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ራስን መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም ሊወገድ የማይችል ሲሆን፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል፤ ቅጣት ይቀልለት ይሆናል እንጂ ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ አይቀርም። ስልክ ነጥቆ የሚሸሸውን ልጅ ከኋላ ማጅራቱን የመታ ተማሪ «ተከላከልሁ» ቢል ዳኛው አይሰማውም። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የሚማሩበትን አዳራሽ ስትጐበኙ ይህ ይነገራቸው እንደ ሆነ መምህሩን ጠይቁልን።

ለናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ፣ የተማራችሁት ስልት ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ በስፖንጅ የተጠቀለሉት ሁለቱ ዱላዎች ከመድረኩ ኋላ ቆመዋል። የራስ መከላከያም አለ። ከሻይ በኋላ በሜዳው እንገናኝ፤ አጥቂው እንደማይቆም ግን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።