የቱሉ ካፒ ወርቅና የሎንዶን ባለአክሲዮኖች

(በክረምት ዕረፍት ቢላ ላይ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አክሲዮን ነው ብለን ስናስታውቅ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንዳጨፈገጋችሁ አይተናል። ቢላ ላይ ተቀምጠን ስለ ሎንዶን ገበያ መስማት ምን ይጠቅመናል የሚል ሐሳብ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን በሎንዶን የሚሸጠውና የሚለወጠው ወረቀት ስለ ሌላ አገር የሚናገር አይደለም። በዚሁ በምዕራብ ወለጋ፣ በጌንጂ ወረዳ ስላለው ስለ ቱሉ ካፒ ኮረብታ የሚናገር ነው። እኛም የዚህ አውራጃ ልጆች እንደ መሆናችን ኮረብታው በማን እጅ እንዳለና ለምን ይህን ያህል ዘመን ሳይነካ እንደ ቆየ ማወቅ ይገባናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የማዕድን ፈላጊ ኩባንያ ነገር ለወለጋ አዲስ አይደለም። በብርብር ወንዝ ሸለቆ፣ በዩብዶ፣ ፕላቲኒየም መቆፈር የተጀመረው በ1920ዎቹ ነው። ቱሉ ካፒንም በ1930ዎቹ ጣሊያኖች በጥቂቱ ቆፍረውታል። በአገር አቀፍ ደረጃ ካየነው ደግሞ ከሁሉ የሚያስገርመው የነዳጅ ዘይቱ ታሪክ ነው። በነሐሴ 1935 ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ የአገሪቱን ግማሽ የሚያህል መሬት ለ75 ዓመት ነዳጅና ማዕድን እንዲፈልግበት ውል ተፈራረመ። ከጀርባው ያለው የአሜሪካ ኩባንያ መሆኑ ሲታወቅ ግን የአሜሪካ መንግሥት ተጫነና ውሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰረዘ። በ1945 ሲንክሌር የ50 ዓመት ውል ይዞ መጣ፤ በ1950ዎቹ ለቅቆ ሄደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ በኦጋዴን፣ በካሉብ፣ ጋዝ አገኘ። ያ ጋዝ ከመሬት ወጥቶ ፋብሪካው የተመረቀው በጥቅምት 2025 ነው። ከመገኘቱ እስከ መመረቁ ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ ማለት ነው! እንግዲህ መፈለግ አንድ ነገር፣ ማግኘት ሌላ ነገር፣ ማውጣት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ቱሉ ካፒ እንመለስ። በ2009 ኒዮታ ሚነራልስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ፈቃዱን ያዘና ኮረብታውን በመሰርሰሪያ ወጋጋው። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ፈሰሰበት። ይህ ገንዘብ ከወዴት መጣ? ከባንክ አይደለም። ባንክ ያልተረጋገጠ ጉድጓድ ይዞ ለመጣ ሰው አያበድርምና። ገንዘቡ የባለአክሲዮኖች ነው። በ2012 መጨረሻ ጥናቱ ተጠናቀቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ። በ2013 መጀመሪያ አንዱ አውንስ ከ1,600 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ 1,200 ገደማ ደረሰ። ኒዮታም የሚቀጥልበት አቅም ስላጣ በታኅሣሥ 2013 ከመቶ 75 እጁን ለኬፊ ሚነራልስ በ4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ፤ የቀረውን በ2014 አስረከበ። በአሥር ሚሊዮኖች የተቆፈረ በአራት ሚሊዮን ተኩል ሲሸጥ የፊተኞቹ ባለአክሲዮኖች ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያቅትም። ወርቁ ከኮረብታው አልጠፋም። የጠፋው የእነርሱ ድርሻ ነው።

ኬፊም ትንሽ ኩባንያ ነው። አክሲዮኑ የሚሸጠው ኤይም በሚባለው፣ በ1995 ለትናንሽ ኩባንያዎች በተከፈተው የሎንዶን ገበያ ነው። በሚያዝያ 2015 የኢትዮጵያ መንግሥት የ20 ዓመት የማምረት ፈቃድ ሰጠው። ሊወጣ ይችላል ተብሎ የተቆጠረው ማዕድን 15.4 ሚሊዮን ቶን ሲሆን በእያንዳንዱ ቶን ውስጥ በአማካይ 2.12 ግራም ወርቅ አለ። በጠቅላላው 1.05 ሚሊዮን አውንስ፣ ማለትም 33 ቶን ገደማ ይሆናል። አንድ የጋብቻ ቀለበት 4 ግራም ነው ብንል ለእርሱ ሁለት ቶን ማዕድን መፍጨት ያስፈልጋል፤ ያንን ለማግኘት የሚነሣው ባዶ ድንጋይ ሳይቆጠር። ወርቁ በወንፊት የሚለቀም አይደለም። መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚጠይቅ ነው።

እዚህ ላይ የባለአክሲዮኑ ምሬት ከወዴት እንደሚመነጭ በቀላል ሒሳብ እናሳያችሁ። አሥር ሰዎች እኩል አዋጥተው አንድ ወፍጮ ሊተክሉ ተነሡ እንበል። እያንዳንዱ ከመቶ አሥር አለው። ወፍጮው ሳይተከል ገንዘቡ ለጥናት፣ ለደመወዝና ለምልልስ አለቀ። ገቢ የለም፤ ባንክም አያበድርም። ስለዚህ አሥር አዳዲስ ሰዎች ተጠርተው፣ ከፊተኞቹ ባነሰ ዋጋ እንዲገቡ ተደረገ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ሳንቲም ሳይወሰድበት ድርሻው ከመቶ አምስት ሆነ። በዓመቱ ሃያ ሰዎች ቢጨመሩ ከመቶ ሁለት ተኩል ይሆናል። ወፍጮው ግን ገና አልተተከለም። ጥሬ እህል የያዘችው እናት ጆንያዋን ተሸክማ እንደ ቆመች ናት።

ገቢ የሌለው ፈላጊ ኩባንያ ሁሉ የሚኖረው በዚህ መንገድ ነው። ነዳጅ ይፈልግ ጋዝ ወይም ወርቅ፣ ዕቃ ሳይሆን አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ጊዜ ይገዛል። ኬፊም እንዲሁ እያደረገ የአክሲዮኑ ቁጥር በቢሊዮን የሚቆጠር ሆነ። በ2017 አሥራ ሰባቱ አክሲዮን ወደ አንድ ተጠቀለለ፤ 1,700 የነበረው ሰው 100 ያዘ ማለት ነው። ይህ ራሱ ሀብት አይቀንስም፤ የአንዱ ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምራልና። ዳሩ ግን ከጥቅለላው በኋላም አዲስ አክሲዮን መሸጡ ስላልቀረ ቁጥሩ ተመልሶ በቢሊዮን ገባ። በ2020 ኩባንያው ስሙን ኬፊ ጎልድ ኤንድ ኮፐር ብሎ ለወጠ። የማምረቻው ቀን ግን በየዓመቱ እየተገፋ ሄደ። ፈቃዱ በተሰጠ በአሥር ዓመቱ፣ በ2025 መጨረሻ፣ ከቱሉ ካፒ የኬፊ ወርቅ ገና አልቀለጠም ነበር።

ለመዘግየቱ የሚቀርቡት ምክንያቶች ሐሰት ናቸው አንልም። በ2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ2018 ወዲህ በዚህ አካባቢ የሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲቋረጥ፣ ትምህርት ቤቱ ሲቆም የነበራችሁ እናንተ ናችሁ። የውጭ ምንዛሪ ሕጉም ለአበዳሪዎች የማያስተማምን ነበር፤ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተለቀቀው በሐምሌ 2024 ነው። እንዲያም ሆኖ ባለአክሲዮኑ አንድ ጥያቄ አለው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ችግሩ ሲታወቅ ኖሮ ሳለ፣ በያመቱ «ዘንድሮ ገንዘቡ ይጠናቀቃል» የሚለው ተስፋ ስለ ምን ተሰጠ? ሥራ አስኪያጁ ወርቅ ወጣም አልወጣም ደመወዙን ይቀበላል። ባለአክሲዮኑ ግን የሚቀበለው የጋዜጣ መግለጫ ብቻ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ሊቃወም ይችላል፤ ነገር ግን ለአዲስ አክሲዮን ሽያጭ ድምፁን ቢነፍግ ኩባንያው ይዘጋል፤ ቢሰጥ ድርሻው ይቀጥናል። ስለዚህ እየተማረረ እጁን ያነሣል።

ከመካከላችን «ያልቅስ፤ ሀብታም ፈረንጅ ቁማር ተጫውቶ ቢበላ እኛን ምን አገባን» ያለ ጓደኛ አለ። በዚህ አንስማማም። በእንዲህ ያለ ገበያ ትልልቁ ገንዘብ ብዙ አይቆይም። ከትንሽ ቁጠባው አውጥቶ የሚገዛና ለዓመታት የሚጠብቅ ተራ ሰው ብዙ ነው። ደግሞም የመሰርሰሪያውን ዋጋ የከፈለው እርሱ ነው። የእርሱ ገንዘብ ባይኖር በኮረብታው ውስጥ ስንት ቶን እንዳለ ዛሬ አናውቅም ነበር።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የሎንዶኑ ሰው ቢመረው ጠዋት ተነሥቶ አክሲዮኑን ይሸጣል። በኪሳራም ቢሆን ይገላገላል። በቱሉ ካፒ ላይ የሚኖረው ገበሬ ግን እንዲህ አይችልም። በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ጠቅላላ ጉባኤ የለውም፤ እጅ አያነሣም። ማዕድን ሊወጣበት ነው በተባለ መሬት ላይ ያለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አስቡት። ቡና ተክሎ እስኪያፈራ ሦስት ወይም አራት ዓመት መጠበቅ አለበት። ትነሣለህ የተባለ ሰው ይተክላልን? ጣራውን በአዲስ ቆርቆሮ ያለብሳልን? ልጁን በዚያው ጎጆ ያወጣለታልን? አምና ቢተክል ኖሮ ዘንድሮ ያብብ ነበር። መነሣቱ በአንድ ዓመት በተገፋ ቁጥር ባለአክሲዮኑ በሳንቲም የሚያጣውን፣ ገበሬው ባልተተከለ ቡና ያጣዋል። ይህን ኪሳራ የሚጽፍ የሒሳብ መዝገብ የለም።

አንድ ነገር በመዘግየቱ ሳይሻሻል አልቀረም፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። በፊተኛው አዋጅ፣ በ455/1997 ዓ.ም.፣ ከእርሻው ለዘለቄታው ለሚነሣ ሰው የሚከፈለው የማፈናቀያ ካሣ በአማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ዓ.ም. ሲወጣ ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛው ተመርጦ በአሥራ አምስት እጥፍ እንዲሰላ ተደረገ። ይሁንና ብሩ በእነዚያ ዓመታት ምን ያህል እንደ ረከሰ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል።

መንግሥትስ? በሕጉ ከመቶ አምስት ድርሻ ያለ ክፍያ አለው፤ ወርቁ ሲሸጥም ከመቶ ሰባት ሮያልቲ ይቀበላል። ከባዶ የሚወሰድ ሰባት በመቶ ግን ባዶ ነው።

ይህን ሁሉ ለምን ዛሬ አነሣነው? የአክሲዮን ነገር ወደ እኛም ስለ መጣ ነው። በጥቅምት 2024 የኢትዮ ቴሌኮም ድርሻ ለሕዝብ ለሽያጭ ቀረበ፤ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ቴሌኮም ገቢ ያለው ትልቅ ድርጅት ነው፤ ከፈላጊ ኩባንያ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ነገ ገቢ የሌለው ድርጅት ሰፊ ተስፋ በሚያምር ወረቀት አትሞ ወደ ነቀምቴና ወደ ግምቢ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አስተማሪው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከዕቁቡ አውጥቶ ይገዛል። ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይጨመራል፣ በምን ዋጋ፣ የእኔስ ድርሻ ስንት ይሆናል ብሎ መጠየቅን ከቱሉ ካፒ መማር ይቻላል። የትምህርቱን ዋጋ ሌሎች ከፍለውልናል።

ከዚህ በላይ ግን የሚያስጨንቀን የጌንጂው ሰው ነው። በሻኪሶ የለገ ደንቢ ወርቅ በ2018 በሕዝብ ተቃውሞ መቆሙን ታስታውሳላችሁ። ሰው ስለሚኖርበት መሬት ሳይነገረው ሲቀር የሚሆነው እንደዚያ ነው። በሎንዶን ገበያ ያለ ኩባንያ ሒሳቡን በየዓመቱ ለሕዝብ ማሳተም ግዴታው ነው። በዚያ ሒሳብ ውስጥ ገንዘቡ ለስንት ወር እንደሚበቃ፣ ኦዲተሩ ምን ሥጋት እንዳለው፣ ሰዎቹ የሚነሡት መቼ እንደ ታሰበ ተጽፎ ይገኛል። የሎንዶኑ ባለአክሲዮን አንብቦት ይማረራል። የጌንጂው ገበሬ ግን አያነበውም፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ክረምት ጀምሮ የዓመቱን ሒሳብ ወደ አፋን ኦሮሞ ለመመለስ ተነሥተናል። በሒሳብ አያያዝ የሰለጠናችሁ መምህራን የኦዲተሩን ቃል እንድታስረዱን እንለምናለን፤ እርሱ ከሁሉ ይከብዳልና። የጌንጂ ተወላጅ የሆናችሁ ደግሞ የመኸር ሥራ ሳይጀመር በየቀበሌው የምናነብበትን ቀን ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች ተተርጉመዋል፤ የሚያርም ሰው ንግግሩ እንዳለቀ መጥቶ ሊወስዳቸው ይችላል።