የፋብሪካ አመድና የወለጋ አፈር፦ ተረፈ ምርትን ለመንገድ ሥራ ስለማዋል



በክረምት ከበከኒሳ ቀሴ ውስጥ ለውስጥ በእግሩ የመጣ ሰው የዛሬውን ርእሴን በጫማው ይዞት ይገባል። መንገዳችን የሚበላሸው በአብዛኛው ከላይ ተረግጦ ሳይሆን ከሥር ርሶ ነው። ንግግሬም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስለ ቆሻሻና ስለ መንገድ ሲወራ ቀድሞ የሚታወሰን ላስቲክ ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። ህንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ራጃጎፓላን ቫሱዴቫን፣ የተቆራረጠ ላስቲክ በጋለ ጠጠር ላይ ሲበተን ቀልጦ ጠጠሩን እንደሚለብጠው፣ ሬንጁም በዚያ ላይ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የፈጠራ መብት አገኙ፤ በ2018 ደግሞ አገራቸው የፓድማ ሽሪ ሽልማት ሰጠቻቸው።

ሥራው የሚደነቅ ቢሆንም ለእኛ ሁለት ጥያቄዎች ያስነሣል። አንደኛ፣ ላስቲኩ የሚያገለግለው አስፋልት ባለበት ነው፤ የገጠር መንገዶቻችን ግን በአብዛኛው የጠጠርና የአፈር ናቸው። ሁለተኛ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሕግ ከገበያ ሊያስወጣው በወሰነው ዕቃ ላይ የነገውን መንገድ መመሥረት ብልህነት አይመስለኝም።

ስለዚህ ጥያቄውን እንገልብጠው። «ይህን ቆሻሻ የት እንጣለው?» ከማለት ይልቅ «አፈራችን ምን ጎደለው?» እንበል። በፊንጫ ሸለቆ የሚገኘውን መረሬ አፈር እንውሰድ። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በአገራችን የመንገድ ንድፍ መመሪያ ሲቢአሩ ከ3 በታች የሆነ አፈር በዝቅተኛው ደረጃ፣ በኤስ 1፣ ይመደባል። የተለመደው መፍትሔ ቆርጦ ማውጣትና ከሩቅ በመጣ ሰሌክት መተካት ነው። የነዳጁን፣ የመኪናውንና የሚቆፈረውን ኮረብታ ዋጋ እናንተው አስሉት።

በዚያው ሸለቆ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ አለ። ከተጨመቀ አገዳ የሚቀረውን ባጋስ በማሞቂያው ውስጥ አንድዶ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከምድጃው ሥር አመድ ይቀራል። አመዱ በሲሊካ የበለጸገ ነው። ኖራ ካልሲየሙን ሲሰጥ፣ አመዱ ሲሊካውን ሲያዋጣ፣ ውኃ ሲያገናኛቸው፣ ሲሚንቶን የሚያጠነክረው ዓይነት ማያያዣ ይፈጠራል። አመዱ ብቻውን ግን ይህን አያደርግም፤ የራሱ ካልሲየም ትንሽ ነውና ኖራ ያስፈልገዋል። ፋብሪካው አገዳ የሚፈጨው በዋናነት በበጋ መሆኑም ይረዳናል፤ መንገድ የሚሠራበትም ወቅት እርሱ ነው።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ «የቡና ገለፈትስ?» ይሉኛል። ነቀምት ስሟ በዓለም የቡና ገበያ የሚጠራ ከተማ ናትና ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የገለፈት አመድ በፖታሲየም እንጂ በሲሊካ አይታወቅም፤ ከባጋስ አመድ ጋር አንድ አድርገን ልናየው አይገባም። ገለፈቱ ኮምፖስት ሆኖ ወደ ማሳው ቢመለስ ለገበሬው ይበልጥ ይጠቅማል። ተረፈ ምርት ሁሉ የመንገድ ዕቃ አይደለም።

አመዱም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይወሰድም። በደንብ ያልነደደ አመድ ከሰል ይበዛበታል፤ ከልክ በላይ የጋለ ደግሞ ሲሊካው ወደ ክሪስታል ተለውጦ ይሰንፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ወስዶ መመርመር ግድ ነው። የፊንጫ ወንዝ ወደ ዓባይ ይፈሳል፤ ከመንገዱ ሥር የሚወጣው ውኃ ምን ይዞ እንደሚሄድ ሳንለካ «አረንጓዴ መንገድ» ሠራን ማለት አንችልም። ርቀቱም ይቆጠር፤ አመዱን ለመጫን የሚቃጠለው ነዳጅ ትርፉን ከበላው ሰሌክቱ ይሻላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከቤተ ሙከራ እንውጣ። በቤተ ሙከራ ሻጋታ ውስጥ የጠነከረ አፈር የወለጋን ክረምት አላየም። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት አጫጭር ክፍሎች ይሠሩ፦ አንዱ ምንም ሳይጨመርበት፣ አንዱ በኖራ ብቻ፣ አንዱ በኖራና በአመድ። ቢያንስ ሁለት ክረምት እንከታተላቸው። ሦስተኛው ከሁለተኛው ካልተሻለ፣ ያንኑ በግልጽ ጽፈን ለከተሞቻችን እናሳውቅ፤ ይህም እውቀት ነው።

ያረጀ ጎማ ቆርጦ በረባሶ የሠራ ሕዝብ ተረፈ ምርትን መልሶ መጠቀም ከማንም መማር አያስፈልገውም። የእኛ ድርሻ ያንን ብልሃት በልኬት ማገዝ ነው። በክረምት መንገድ ሲቆረጥ ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት ሳትደርስ ትቀራለችና፣ ልኬቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይምሰለን።