ከቆቃ ሜዳ እስከ ዝቋላ ጫፍ

ከቆቃ ሐይቅ ዳር ወደ ሰሜን ምዕራብ ላየ ሰው የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ሐይቁ 1,590 ሜትር ገደማ፣ የተራራው ጫፍ ደግሞ ወደ 2,990 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ልዩነት ሙቀቱ እስከ 9 ዲግሪ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ቆቃ ላይ ቢያልብዎም ሹራብ ይያዙ።

ብዙዎች ከቢሾፍቱ በመኪና ግርጌው ድረስ ሄደው ከዚያ በእግር ይወጣሉ። በክረምት ግን የሜዳው ጥቁር አፈር ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግር ያስራል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሻላል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ስለሆነ መንገዱ በምእመናን ይሞላል።

ዋናው ጉዳይ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሱ፤ የትም ይድረሱ የት፣ 7 ሰዓት ሲሆን ይመለሱ። ጉልበት የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ ይያዙ። ጫፉ ላይ ያለው ሐይቅ የተቀደሰ ነውና አይዋኙበት።

በየካቲት 2016 የተራራው ገዳም አራት መነኮሳት ተገድለዋል። ስለዚህ የአካባቢውን ሰዎችና የገዳሙን አባቶች የመንገዱን ሰላም ሳይጠይቁ፣ እባክዎ ከቤት አይውጡ።